ዕድሜ የሚቆጠረው በሴቷ ላይ ብቻ ነውን?

ሁለት ሰዎች በጋብቻ ተጣምረው ዓመታት ሲያልፉ ልጅ ካልመጣ፣ የዘመድ አዝማድ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በሴቷ ላይ ነው። ጠበል የምትሄደው እርሷ ናት፤ ሐኪም ቤት የምትመላለሰው እርሷ ናት፤ «መካን» የሚለውን ስም የምትሸከመውም እርሷው ናት። ባል አምሳኛ ዓመቱን ያለፈ ቢሆን እንኳ ዕድሜውን የሚጠይቅ አይኖርም። ወንድ ልጅ በዚህ ረገድ አያረጅም የሚል እምነት በብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ ሥር ሰድዷልና። ለመሆኑ ይህ እምነት በሳይንስ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ምን ያህል ይመዝናል? ጥያቄውን ከሥነ ሕይወት አንጻር መርምረን፣ ከመልሱ ይከተላል የምንለውን ኃላፊነት ለአንባቢያን ማመልከት እንወዳለን።

እምነቱ ከየት መጣ?

እምነቱ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሴት ልጅ በሕይወት ዘመኗ የምትጠቀምባቸውን የእንቁላል ሕዋሳት ይዛ ትወለዳለች። ስትወለድ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚገመተው ይህ ክምችት ከዓመት ወደ ዓመት እየመነመነ ሄዶ፣ በአምሳ ዓመት አካባቢ የወር አበባ ሲቋረጥ የመውለድ ዘመኗ ያበቃል። በወንዱ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ድንበር የለም። የዘር ፍሬዎቹ ከጉርምስና እስከ እርጅና ድረስ አዳዲስ የዘር ሕዋሳትን ያመርታሉ፤ አንዱ የዘር ሕዋስ ተሠርቶ እስኪጠናቀቅም 74 ቀናት ያህል ይወስዳል።

በዚህ ላይ የታዋቂ ሰዎች ታሪክ ይታከልበታል። የፊልም ተዋናዩ ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1962 የመጨረሻ ልጁን ሲወልድ የ73 ዓመት አዛውንት ነበር። ይህን የመሰለ ምሳሌ የሚጠቅሱ ሰዎች ግን ሁለት ነገሮችን ይዘነጋሉ። አንደኛ፣ የልጁ እናት በዚያን ጊዜ ገና 37 ዓመቷ ነበር። ሁለተኛ፣ የተሳካላቸው አዛውንቶች ወሬ በየቦታው ሲነገር፣ ያልተሳካላቸው ዝም ይላሉ። የተሳካላቸውን ብቻ ቆጥሮ አጠቃላይ ሕግ ማውጣት ደግሞ የሳይንስ መንገድ አይደለም።

የማያቋርጥ ምርት ዋጋ

ምርቱ አለመቋረጡ ጥራቱ አለመጓደሉን አያረጋግጥም። የወንዱ ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ የዘር ፈሳሹ መጠን ይቀንሳል፤ የሕዋሳቱ እንቅስቃሴ ይዳከማል፤ ቅርጻቸው የተዛባ ሕዋሳት ይበዛሉ፤ በውስጣቸው ያለው ዲ.ኤን.ኤ. የመሰባበር ዕድሉም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2000 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል አካባቢ የተደረገ ሰፊ ጥናት ይፋ ሲሆን፣ የሴቷ ዕድሜ ተጽእኖ ተለይቶ ከተቀነሰ በኋላ እንኳ ባል በዕድሜ በገፋ መጠን እርግዝና እንደሚዘገይ አሳይቷል።

ይበልጥ አስደናቂው ጉዳይ ግን በዘር መልእክቱ ላይ የሚደርሰው ለውጥ ነው። በዘር ፍሬ ውስጥ ያሉት ግንደ ሕዋሳት ከጉርምስና በኋላ በዓመት 23 ጊዜ ያህል እንደሚከፈሉ ይገመታል። በእያንዳንዱ ክፍፍል መላው የዲ.ኤን.ኤ. ጽሑፍ እንደገና ይገለበጣል። የብራና መጽሐፍን እናስብ። ቁም ጸሐፊው ምንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን፣ ከቅጂ ቅጂ፣ ከዚያም ቅጂ ሌላ ቅጂ እየተገለበጠ በሄደ ቁጥር የፊደል ግድፈት መከማቸቱ አይቀርም። የ40 ዓመቱ ሰው የዘር ጽሑፍ ከ20 ዓመቱ ወጣት ይልቅ 460 ጊዜ ያህል ተጨማሪ ተገልብጧል ማለት ነው።

ይህን ፍንጭ ቀድሞ ያየው ከሃርዲና ዋይንበርግ ሕግ ጋር ስሙን የምናውቀው ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ዋይንበርግ ነበር። የእጅና የእግር አጥንቶች እንዳያድጉ የሚያደርገው አኮንድሮፕሌዥያ የተባለው ሁኔታ በመጨረሻ በሚወለዱ ልጆች ላይ እንደሚበዛ እ.ኤ.አ. በ1912 አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ እንግሊዛዊው ላዮኔል ፔንሮዝ ዋናው ምክንያት የእናት ዕድሜ ወይም የልጆች ብዛት ሳይሆን የአባት ዕድሜ መሆኑን አሳየ። ትክክለኛው ቆጠራ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በአይስላንድ 78 ልጆችን ከእናትና ከአባታቸው ጋር ያጠኑ ተመራማሪዎች የ20 ዓመት አባት ለልጁ 25 ያህል፣ የ40 ዓመት አባት ደግሞ 65 ያህል አዳዲስ ሚውቴሽኖችን እንደሚያወርስ፣ ከእናት የሚመጡት ግን 15 ያህል እንደሆኑ ደረሱበት።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይደነግጥ እንሻለን። ከእነዚህ ለውጦች አብዛኞቹ ምንም ጉዳት አያስከትሉም። አኮንድሮፕሌዥያ ራሱ ከ25,000 ልጆች በአንዱ ላይ የሚታይ እጅግ አነስተኛ ቁጥር ነው። በዕድሜ ከገፉ አባቶች የሚወለዱት ልጆች እጅግ አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው። የአባት ዕድሜ ከኦቲዝምና ከስኪዞፍሬኒያ ጋር ያለው ዝምድና በጥናቶች ቢታይም፣ ምን ያህሉ ከሚውቴሽን የመጣ እንደሆነ ባለሙያዎች አሁንም ይከራከሩበታል። ስለዚህ «ያረጀ አባት አይውለድ» የሚል አቋም የለንም። የምንለው፣ ዕድሜ በወንዱ ላይም ይቆጠራል ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መረጃ መሠረት ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ የመውለድ ችግር ያጋጥመዋል። ከነዚህ ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ዘንድ ወንዱ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር የችግሩ ተካፋይ ነው። ይህ እየታወቀ ምርመራው በሴቷ ጀምሮ በሴቷ ሲያበቃ፣ ግፍ ብቻ ሳይሆን የማይመለስ ጊዜ ማባከንም ነው። ባል ዓመታት ዘግይቶ ሲመረመር የሴቷ የእንቁላል ክምችት በዚያው ልክ ተመናምኖ ይገኛልና። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ናሙና ሰጥቶ በማይክሮስኮፕ ማስታየት እንጂ ቢላዋም መርፌም የሚያስፈልገው አይደለም። አሥራ ሁለት ወራት ሞክረው ያልተሳካላቸው ጥንዶች በአንድ ቀን፣ በአንድነት ሊመረመሩ ይገባል እንላለን።

ወጣት አንባቢያንም ከወዲሁ የሚያደርጉት አለ። ሲጋራ የዘር ሕዋሳትን ይጎዳል። ጡንቻ ለማዳበር ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ቴስቶስትሮን ደግሞ ብዙዎች ከሚገምቱት በተቃራኒ የዘር ሕዋሳትን ምርት ያፍናል። መምህራንም በክፍል ውስጥ ስለ ዕድሜና ስለ መውለድ ሲያስተምሩ የወንዱን ድርሻ ሳይዘነጉ ቢያነሱት ለነገው ትዳር ትልቅ ስንቅ ይሆናል።

ዓላማችን «መካን» የሚለውን ስም ከሴቷ ራስ ላይ አንሥተን በወንዱ ራስ ላይ ለመጫን አይደለም። ስሙ በማንም ላይ ሊጫን አይገባም። ልጅ የሁለት ሰዎች ፍሬ እንደሆነ ሁሉ፣ ልጅ ሲዘገይም ምክንያቱን መፈለግ የሁለቱም ሥራ ነው። ይህን ለመቀበል ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም፤ በመጀመሪያው ቀጠሮ ባልና ሚስት አብረው ሐኪሙ ፊት መቀመጣቸው ይበቃል።