ቀነ ገደቡ የሚጸናው በማን ላይ ነው?

ሰሞኑን በመምህራን ክበብ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የዘንድሮ ተማሪ ለጊዜ ደንታ የለውም ሲል አማረረ። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን አንድ ቀን አሳልፈው ያመጡ ሦስት ተማሪዎችን እንዴት ከቢሮው በር ላይ እንደመለሳቸው በኩራት ተረከልን። በጠረጴዛው ዙሪያ የነበርን ሁሉ ራሳችንን በአዎንታ ነቀነቅን፤ እኔም ነቀነቅሁ። ወደ ቢሮዬ ስመለስ ግን ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አየሁት። መምህራን ያለፈውን ሴሚስተር ውጤት አጠናቅቀው ለሬጅስትራር እንዲያስገቡ የሚያሳስብ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል፤ የተባለው ቀን ካለፈ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ውጤት ካላስገቡት መካከል ያ ባልደረባዬ አንዱ መሆኑን አውቃለሁ። ሌላው እኔ ነኝ።

አንባቢ ከመነሻው እንዲረዳልኝ የምሻው ነገር አለ። የቀነ ገደብ ጠላት አይደለሁም። ግንቦት ሲያልቅ የጥናቱን የመጀመሪያ ገጽ የሚጀምር፣ ከግቢ በር ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት የአምና ተመራቂ ጽሑፍ በፍላሽ ገልብጦ ስሙን ቀይሮ የሚያመጣ ተማሪ በየዓመቱ ያጋጥመኛል፤ ለእርሱ የማዝንበት አንጀት የለኝም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ቀነ ገደብ ወደ ታች ሲወርድ ብረት፣ ወደ ላይ ሲወጣ ሰም የሚሆነው ለምንድን ነው?

የትምህርት ካላንደር የማይነካ ቃል ኪዳን ነው የሚለውን ማንም አያሳምነኝም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲገባ ተማሪው ሻንጣህን ይዘህ ውጣ ተባለ፤ ወጣ። ለወራት ቤቱ ተቀምጦ ሲመለስ ያመለጠህን ትምህርት በተጨመቀ ጊዜ ጨርስ ተባለ፤ ጨረሰ። በ2015 ዓ.ም. መባቻ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ሲወሰን ደግሞ ለተፈታኞች ዶርም ልቀቅ ተባለ፤ ለቀቀ። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸውን፣ ተቋማቸው የተዘረፈባቸውን ሳንቆጥር ነው። እነዚህ ውሳኔዎች ምክንያት አልነበራቸውም አልልም፤ ነበራቸው። የምለው ካላንደሩ መታጠፍ እንደሚችል በተደጋጋሚ ታይቷል ነው። የማይታጠፈው ተማሪው ራሱ ምክንያት ይዞ ሲመጣ ብቻ ነው።

እስከዚህ ያለው የማንኛውም ተማሪ ዕጣ ነው። የፖለቲካ ሳይንስና የመንግሥት አስተዳደር ተማሪ ግን ከሌላው የተለየ በደል ይደርስበታል፤ የሚያጠናው መንግሥት ሲሠራ እርሱ ታስሯል፣ እርሱ ሲፈታ መንግሥት አርፏል። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 58 እናንብብ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ጊዜ ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለ። ስብሰባዎቹ በግልጽ እንደሚካሄዱም ያው አንቀጽ ይናገራል። አሁን ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን ካላንደር ከጎኑ እናስቀምጥ። ደህና በሆነ ዓመት ተማሪው ነጻ የሚሆነው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ምክር ቤቱ ተዘግቷል። በሁለቱ ሴሚስተሮች መካከል ጥቂት ቀናት ይተነፍሳል፤ ምክር ቤቱም በዓመቱ አጋማሽ ዕረፍቱን ይወስዳል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ረቂቁ ለምክር ቤቱ ቀርቦ የሚመከርበትና የሚጸድቅበት ወቅት በአብዛኛው ሰኔ ነው። ሰኔ ለእኛ ምንድን ነው? የማጠቃለያ ፈተና፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማቅረቢያ፣ በዚያ ላይ የመውጫ ፈተና። ሰኔና ሰኞ ገጠመ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። «የመንግሥት በጀትና ፖሊሲ» በሚል ርዕስ ሙሉ ሴሚስተር ያስተማርኳቸው ልጆች አንድም የበጀት ክርክር በአካል ሳያዩ ይመረቃሉ።

የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫው አዲስ አበባ ነው፤ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም እንዲሁ። ስንት አገር ያሉ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪዎች ይህን ጎረቤት በቀኑበት! የመሪዎቹ ዓመታዊ ጉባኤ በየካቲት ገደማ ሲካሄድ ግን ለአዲስ አበባው ተማሪ ጉባኤ ማለት የመንገድ መዘጋት ነው። ለጅማው ወይም ለደብረ ማርቆሱ ተማሪ ደግሞ የቴሌቪዥን ዜና ነው።

የሌሎች የትምህርት ዘርፎች ዘመዶቻችን ምን እንደሚያደርጉ እንመልከት። የምህንድስና ተማሪ ሴሚስተር ሙሉ ወደ ሥራ ቦታ ይሰማራል፤ ይህ ቆይታው በውጤቱ ላይ ይቆጠርለታል። የሕክምና ተማሪ ሆስፒታል ውስጥ ያድጋል። መምህር ሊሆን የሚማረው ክፍል ገብቶ ያስተምራል፤ የሕግ ተማሪ ነጻ የሕግ ድጋፍ መስጫ ማዕከል አለው። እኔ በማስተምርበት ክፍል ግን መንግሥትን የሚያጠናው ተማሪ አንድም ቀን የመንግሥት ቢሮ ውስጥ በተመልካችነት እንኳ ሳይቀመጥ ዲግሪ ይቀበላል። ይህ በዚህች አገር ተሞክሮ የማያውቅ እንግዳ ሐሳብ ቢሆን ዝም ባልኩ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለአንድ የትምህርት ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር፤ ያን አገልግሎት ያልፈጸመ አይመረቅም ነበር። ብዙዎቹ ተማሪዎች በዝንባሌያቸው ሄዱ ብዬ ታሪክ አላሳምርም፤ ያጉረመረመው ብዙ ነው። ይሁንና ያ ዩኒቨርሲቲ አገር ማየትን የዲግሪው አካል አድርጎ ቆጥሮት ነበር። እኛ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይዘን ያን ያህል መቁጠር አቅቶናል።

ዕድል የለም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ዕድል አለ፤ የሚኖረው ግን በኮሪደር ነው። አንድ ኤምባሲ አጭር ሥልጠና ያዘጋጃል፤ ደብዳቤው ለክፍል ኃላፊው ይደርሳል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ደብዳቤው በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ዐሥር ቀን ያድራል፤ በዐሥራ አንደኛው ቀን «በነገው ዕለት የሚያበቃ» ተብሎ ይለጠፋል። እስከዚያ የአንድ መምህር ወንድም ልጅ ማመልከቻውን ከላከ ሰንብቷል። ከዚህ የተረፈውም ዕድል ኪስ ይጠይቃል። የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችም ክፍት ያደረገው የሥራ ልምምድ ደመወዝ የለውም፤ አዲስ አበባ ቤት የሌለው ልጅ ወራት ሙሉ የኪራይና የታክሲ ከየት አምጥቶ ነው በነጻ የሚያገለግለው? ቤተሰቡ ቀድሞውንም «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ብሎ ነው የሸኘው። እኛ ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ ያንኑ ምክር በተግባር እናጸናለታለን።

በ2015 ዓ.ም. የማማክራት አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ከገጠር የመጣች፣ በክፍል ውስጥ እምብዛም የማትናገር ልጅ ናት። ርዕሷ በተወለደችበት ወረዳ ለንጹሕ ውኃ የሚመደበው በጀት በቀበሌዎች መካከል በምን መስፈርት እንደሚከፋፈል ነበር። ርዕሱን ከመጽሐፍ አላገኘችውም። የጎረቤት ቀበሌ ቦኖ ሲተከልለት የእነርሱ ሳይተከል ቀርቷል፤ እናቷ ዛሬም ምንጭ ይወርዳሉ። ሐሳቡ ገና ስትነግረኝ ደስ አለኝ።

አንድ ሴሚስተር 16 ሳምንት ነው። ምዝገባና አድና ድሮፕ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በሉ። ርዕስ የሚያጸድቀው የክፍሉ ጉባኤ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም እየተባለ ሁለት ጊዜ ተበተነ፤ ከማይገኙት መምህራን አንዱ አንድ ጊዜ እኔ ነበርኩ። የትብብር ደብዳቤው ተፈርሞ ማህተም እስኪያርፍበት ፋሲካ አለፈ። ወረዳው ደርሳ ስትጠይቅ ከዞን ካልተፈቀደ አይሰጥም ተባለች። እኔም በክፍል እንዳስተማርኳት አዋጅ ቁጥር 590/2000ን ጠቅሳ በጽሑፍ እንድትጠይቅ መከርኳት፤ ሚያዝያ 20 ቀን አስገባች። አዋጁ ለመሥሪያ ቤቱ ለመልስ 30 ቀን ይሰጠዋል። 30 ቀን ማለት ከሴሚስተሩ ሩብ በላይ ነው። ግንቦት 20 መጣ፤ መልስ የለም። ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት እንደሚቻል ነገርኳት፤ በምን ቀን ተርፏት? የእኛ ቀነ ገደብ ግንቦት 25 ነበር።

ግንቦት 22 ቀን ቢሮዬ መጥታ የሁለት ሳምንት ጊዜ ለመነችኝ። ሕግ ሕግ ነው፣ ለአንቺ ካራዘምኩ ለሌላውም ላራዝም ነው አልኳት። «እሺ ዶክተር» ብላ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ጽሑፉ ተጠርዞ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። በ60 «የወረዳው ነዋሪዎች» የተሞላ መጠይቅ ነበረው። አባሪውን ገለጥ ገለጥ ሳደርግ የ60ው ሰው ጽሕፈት ተደጋግሞ የመጣ የአምስት ወይም የስድስት እጅ መሆኑን ለማወቅ ሊቅ መሆን አላሻኝም፤ የዶርም ጓደኞቿ ናቸው። ቢ ፕላስ ሰጠኋት። ጽሑፉ በቀኑ ገብቷልና ማንም የጠየቀ የለም። እውነተኛ ጥናት ለመሥራት የፈለገችውን ልጅ እምቢ ያልኩ፣ ሐሰተኛውን ደግሞ ፈርሜ የተቀበልኩ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልከስም።

የመውጫ ፈተናው ይህን ሁሉ አስተካክሏል የሚሉ አሉ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተፈታኞች 62 ከመቶ ገደማ፣ ከግሎቹ 17 ከመቶ ገደማ ብቻ አለፉ። ፈተናው ገመናችንን ስለገለጠ አልነቅፈውም። ነገር ግን በኮምፒውተር ላይ መልስ መምረጥ ያንን የወረዳ ቢሮ በር አያስከፍትም። እንዲያውም ተማሪው ሰኔን በሙሉ የአራት ዓመት ሞዱል ሲያገላብጥ ስለሚያሳልፍ የመመረቂያ ጽሑፉ የይስሙላ ሆኖ ቀርቷል፤ አንዳንድ ባልደረቦቼ ጨርሶ ይቅር ማለት ጀምረዋል።

ለመሆኑ ምን ይደረግ? በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመለከት አዋጅ ወጥቷል። ስለ ራስ ገዝነት ብዙ ተነግሯል፤ እኔ ግን ራስ ገዝነት የምለው ለምሳሌ አንድ የትምህርት ክፍል የራሱን ካላንደር ከሚያጠናው ተቋም ካላንደር ጋር የማስታረቅ ሥልጣን ሲኖረው ነው። የአራተኛ ዓመት ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር፣ ምክር ቤቶች በሥራ ላይ ባሉበት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በክልል ወይም በወረዳ ምክር ቤት፣ በበጀት ክፍል፣ በኦዲት መሥሪያ ቤት ቢቀመጥና ቢቆጠርለት ምን ይጎድላል? የመረጃ ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቦ የገቢ ማህተም ያስመታ ተማሪ ሕጉ ለመሥሪያ ቤቱ የሰጠው 30 ቀን እስኪያልቅ የእርሱም ቀነ ገደብ እንዲቆምለት ሴኔቱ በአንድ አንቀጽ ሊደነግግ ይችላል። ባልደረባዬ በክበቡ ይህን ስነግረው በየሰበቡ ስናራዝም ልንኖር ነው አለኝ። ይህ ሰበብ አይደለም ወዳጄ። የተማሪ ስንፍናና የመንግሥት ዝምታ አንድ አይደሉም፤ አንዱ ማህተም ያለበት ወረቀት አለው፣ ሌላው የለውም። የዕድል ማስታወቂያዎች ደግሞ በደረሱበት ቀን ለሁሉም ተማሪ ይውጡ። ይህኛው ሴኔትም በጀትም አይጠይቅም፤ ቴሌግራም ይበቃዋል።

ያቺ ተማሪዬ ሰኔ 14 ቀን ተመልሳ መጣች። «ዶክተር፣ መጣልኝ» አለችኝ፤ ከወረዳው የተላከ፣ በየገጹ ማህተም ያረፈበት 23 ገጽ ሰነድ ይዛለች። ውጤቷ ቀድሞ ገብቶ ስለነበር ልታስረክበኝ እንጂ ልትጠይቀኝ አልመጣችም። ወረቀቶቹ አሁንም በመሳቢያዬ ውስጥ አሉ። በ17ኛው ገጽ ላይ ለእርሷ ቀበሌ የቦኖ ግንባታ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት በጀት ተመድቦ እንደነበር፣ በሁለቱም ዓመታት ሥራው «ተጠናቅቋል» ተብሎ ሪፖርት እንደቀረበ ተጽፏል።