ከፕሮባዮቲኩ በፊት ድርቆሹ

ከቦረና ተጭኖ አዳማ አካባቢ ወዳለ ማደለቢያ የሚሄድ ኮርማ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በሣር ነው። መንገድ ላይ ተርቦና ተጠምቶ ይውላል። ሲወርድ ቶሎ እንዲሰባ ተብሎ ገንዳው በተፈጨ በቆሎና በፋጉሎ ይሞላለታል። ብዙም ሳይቆይ ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ማመስኳቱን ያቆማል። ነጋዴው “መንገድ ጎዳው” ይላል። መድኃኒት ሻጩም ፕሮባዮቲክ የሚባል ዱቄት ይዞ ይቀርባል።

ብዙ ጊዜ ግን ጉዳቱ የሚመጣው ከገንዳው ነው። ሩመን በሚባለው ትልቁ የጨጓራ ክፍል ውስጥ ሣርና ገለባ የሚያብላሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ይኖራሉ። እህል በድንገት ሲበዛ ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱት ያይላሉ፤ አሲዱ ሲጨምር ሣር አብላዮቹ ይዳከማሉ። ከብቱ እየበላ ይከሳል፤ ሲከፋም ይሞታል።

ፕሮባዮቲክ ሕይወት ያለው ጠቃሚ ተሕዋስ ነው፤ ለከብት በብዛት የሚሸጠው እርሾ ነው። በመኖ ለውጥ ወቅት እርሾው የሩመኑን አሲድ ለማረጋጋት ይረዳል። ፕሪባዮቲክ ደግሞ የጠቃሚዎቹ ተሕዋስያን ምግብ ነው። ተሕዋስያን ገና ባልተደራጁበት የጥጃ አንጀት ውስጥ ይጠቅማል፤ ያደገ ከብት ሲበላው ግን አብዛኛው ሩመን ውስጥ ይብላላል። ለኮርማው የተሕዋስያኑ ቀለብ ድርቆሽ ነው።

ነጋዴው ሊያስተውለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። እርሾው ሕይወት ስላለው ሙቀት ይገድለዋል። ሞያሌ ወይም በርበራ ፀሐይ ላይ የሰነበተ ከረጢት ሲታይ ጤነኛ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የሞተ ሊሆን ይችላል። ከዚያም በላይ እርሾ መድኃኒት አይደለም። አሲድ የጎዳው ከብት የእንስሳት ሐኪም ያስፈልገዋል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። 300 ኪሎ የሚመዝኑ 40 ኮርማዎች እያንዳንዳቸው 5 በመቶ ክብደት ቢቀንሱ 600 ኪሎ ይጠፋል፤ ይህ የሁለት ኮርማ ክብደት ነው። በዚያ ላይ ያስቀመጠውን ከብት ገዢ ዋጋ ይሰብርበታል ወይም ይመልሰዋል።

“በበጋ ድርቆሽ ውድ ነው፣ ከብቱም በሦስት ቀን ይሸጣል” የሚል ነጋዴ እውነት አለው። በሦስት ቀን የሚሸጥ ከብት ግን እህል ጨርሶ አያስፈልገውም፤ ድርቆሽ፣ ንጹሕ ውሃና ጨው ይበቃዋል። በእህል የሚያደልብ ሰው ደግሞ ከድርቆሽ ጀምሮ እህሉን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቀስ እያለ ይጨምር። እርሾ የሚገዛው ይህ ከተሟላ በኋላ ነው፤ ያኔም የማብቂያ ቀኑ ያላለፈ፣ ያልተከፈተና በቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ መሆን አለበት። ድርቆሽ ላይ ቆጥቦ ዱቄት የሚገዛ ነጋዴ ሁለት ጊዜ ይከስራል።