ለጀሪካን የበቃ ክንድ ለዳምቤል ምን አነሰው?

ዛሬ ፖለቲካም ኳስም አናወራም። የምናወራው ስለ ክንድ ነው። ከክንድም ውስጥ ማንም ዞር ብሎ ስለማያየው ስለ ኋለኛው ጡንቻ፣ ስለ ትራይሴፕስ። «ደግሞ ሴቶቹን ምን ጡንቻ ጡንቻ አሰኛቸው?» የምትሉ ካላችሁ መጀመሪያ አንብቡን፣ ከዚያ ትፈርዱብናላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጂም የምንሄድ ሴቶች ጥቂት አይደለንም። እኛ በምናውቃቸው ጂሞች ወርሃዊ ክፍያችን ከወንዶቹ እኩል ነው፤ «ሴት ናቸው» ተብሎ አንድ ብር አይቀነስልንም። ገብተን «ክንዳችንን ማጠንከር እንፈልጋለን» ስንል ግን እኩልነቱ እዚያው በሩ ላይ ይቀራል። ለወንዱ ባርቤል፣ ኬብል፣ አግዳሚ ወንበር። ለእኛ አንድ ኪሎ ዳምቤል፣ ያውም ሮዝ ቀለም የተቀባች! «በዚች ሃምሳ ጊዜ ወደ ኋላ ዘርጊ፣ የተንጠለጠለው ስብ ይረግፋል። ከዚህ በላይ ካነሳሽ ግን ወንድ ትመስያለሽ» ይሉናል። በስድስተኛው ወርም ያችው አንድ ኪሎ ናት። ስቡም አልረገፈ፣ ጡንቻውም አልመጣ። ክፍያው ብቻ በየወሩ ሳያዛንፍ ይመጣል።

እኛ የምንለው ይሄ ምክር አይደለም ነው። በእኛ ገንዘብና በእኛ ጊዜ የሚነገር ተረት ነው። ተረትነቱን ደግሞ አንድ በአንድ እናሳያችኋለን።

መጀመሪያ ጡንቻውን እንወቀው። ትራይሴፕስ ማለት በላቲን «ባለ ሦስት ራስ» ማለት ነው። በላይኛው ክንዳችን ጀርባ በኩል ተኝቶ ክርናችንን የሚዘረጋው ዋናው ጡንቻ እሱ ነው። በር ስንገፋ፣ ከወለል ላይ ስንነሳ፣ ሻንጣ ቁም ሳጥን ላይ ስንሰቅል የሚሠራው እሱ ነው። ሁለቱ ራሶቹ የሚነሱት ከክንድ አጥንት ነው። ሦስተኛውና ረጅሙ ራስ ግን የሚነሳው ከትከሻ ሳህን ነው፤ የትከሻን መገጣጠሚያ አልፎ ይወርዳል። በመጨረሻ ሦስቱም ተገናኝተው የክርን ጫፍ ላይ ይታሰራሉ። «የትከሻን መገጣጠሚያ አልፎ» ያልነውን ያዙልን፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ሌላም ነገር አለ። ከላይኛው ክንድ ጡንቻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይሄው የተናቀው ትራይሴፕስ ነው። በዚህ በኩል ወንድሞቻችንም ከተረት አላመለጡም። መስታወት ፊት ቆመው ጠዋትም ባይሴፕስ፣ ማታም ባይሴፕስ! «ክንዴ አላድግ አለኝ» እያሉ ያማርራሉ። ከዚያ አንዱ የፕሮቲን ጣሳ ይገዛል፣ ሌላው በስውር ወደሚሸጥ ስቴሮይድ መርፌ ያማትራል። ስቴሮይድ ልብንና ጉበትን እንደሚጎዳ፣ የወንድ ዘር ማመንጨትንም እንደሚያዳክም የታወቀ ነው። ወንድሜ! የክንድህን ትልቁን ክፍል ሳትነካው መርፌ ምን ያደርግልሃል?

አሁን ወደ ተረቶቹ።

ተረት አንድ፦ «ክብደት ካነሳሽ ወንድ ትመስያለሽ»። ጡንቻ በፍጥነትና በብዛት እንዲያብጥ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞን ነው። ከጉርምስና በኋላ የወንድ ደም ውስጥ ያለው ቴስቶስትሮን ከሴቷ ከአስር እጥፍ በላይ ይበልጣል። ያንን ሁሉ ሆርሞን ይዘው ዓመታት የሚለፉት ወንዶች እንኳ የሚመኙትን ክንድ ማግኘት አቅቷቸው ሲያማርሩ እናያለን። ታዲያ እኛ በሳምንት ሁለት ቀን ስምንት ኪሎ ስላነሳን በአንድ ወር ውስጥ ወንድ እንሆናለን? ጡንቻ ሳይታሰብ ሌሊት የሚበቅል እንጉዳይ አይደለም። ደግሞስ ቢያድግ? ክንዱ የማን ነው?

ተረት ሁለት፦ «ብዙ ጊዜ ከደጋገምሽው የክንድሽ ስብ ይረግፋል»። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት የቴኒስ ተጫዋቾችን ክንዶች ለካ። ቴኒስ ተጫዋች ለዓመታት የሚለፋው በአንድ እጁ ነው። «የሠራሽበት ቦታ ስብ ይረግፋል» የሚለው እውነት ቢሆን ኖሮ የሚጫወቱበት ክንድ ከሌላው ያነሰ ስብ ይኖረው ነበር። የተገኘው ግን ሌላ ነው። የሚጫወቱበት ክንድ ጡንቻው በልጧል፣ ከቆዳ ሥር ያለው የስብ ውፍረት ግን ከሌላው ክንድ ጋር ያው ነው። ሰውነት ስብን ከየት እንደሚያነሳ የሚወስነው ራሱ እንጂ አሰልጣኛችን አይደለም። ስብ የሚቀንሰው በአጠቃላይ አመጋገብና በአጠቃላይ እንቅስቃሴ ነው። ለትራይሴፕስ መሥራት የሚሰጠን ጡንቻ ነው፣ ያም በራሱ በቂ ምክንያት ነው።

ተረት ሦስት፦ «ለሴት ቀላሉ ይበቃል»። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የአካል ብቃት ምክር ቤት ያሠራው ጥናት ስምንት የትራይሴፕስ እንቅስቃሴዎችን አወዳድሯል። የተካፈሉት እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? 15 ሰዎች፣ ሁሉም ሴቶች! ጡንቻውን ከሁሉም በላይ ያሠራው ሁለት እጅን ደረት ሥር አቀራርቦ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሦስት ማዕዘን ሠርቶ የሚሠራው ፑሽ አፕ ሆነ። ዳምቤል ወደ ኋላ መዘርጋትና ዲፕስ ተከተሉት። እርግጥ ጥናቱ የለካው የጡንቻውን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ እንጂ እድገቱን አይደለም። ቢሆንም ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ ፑሽ አፕ የወንድ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ፣ ወደ ኋላ መዘርጋቱ አልነበረም ጥፋቱ፤ ጥፋቱ ያችው አንድ ኪሎ ናት። ለነገሩ ቀላል ክብደትም ቢሆን ሊያቅተን እስኪደርስ ከተሠራበት ጡንቻ ያሳድጋል። ከጓደኛ ጋር እያወሩ ሃምሳ ጊዜ ማወዛወዝ ግን ስፖርት ሳይሆን ማራገብ ነው።

«ያዙልን» ያልናችሁን አሁን አምጡት። ረጅሙ ራስ የትከሻን መገጣጠሚያ ስለሚያልፍ፣ ክንዳችንን ወደ ላይ ስናነሳ እሱ ይለጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የጃፓን ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ይህንን ነው የፈተሸው። 21 ሰዎች አንዱን ክንዳቸውን ከጭንቅላት በላይ አንስተው፣ ሌላውን ከጎናቸው አድርገው በሳምንት ሁለት ቀን ለ12 ሳምንታት ክርን የመዘርጋት እንቅስቃሴ ሠሩ። ወደ ላይ የተነሳው ክንድ ትራይሴፕስ 20 በመቶ ያህል ሲያድግ፣ ከጎን የሠራው 14 በመቶ ያህል አደገ። ረጅሙን ራስ ብቻውን ካየነው ልዩነቱ 28.5 በመቶ ለ19.6 ነው። ከጭንቅላት በላይ የተነሳው ክብደት ደግሞ ከሌላው ያነሰ ነበር! የትኛውን እንቅስቃሴ እንደምንመርጥ ማወቅ ጣሳ ሙሉ ዱቄት ከመግዛት ይበልጣል የምንለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ተቺ ብቻ እንዳንባል የሚሠራውንም እንናገር።

አንደኛ፣ እጅ አቀራርቦ ፑሽ አፕ። ወለሉ ከከበደን በግድግዳ እንጀምር፣ ከዚያ ጠንካራ ጠረጴዛ ወይም የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች፣ ከዚያ በጉልበት፣ በመጨረሻ በእግር ጣት። ሦስት ማዕዘኑ የእጅ አንጓ ካሳመመን እጃችንን ትንሽ አራርቀን እንሥራ። ሁለተኛ፣ አንድ ዳምቤል በሁለት እጅ ይዞ ከጭንቅላት በላይ ማንሳት፣ ከዚያ ክርንን ወደ ጆሮ አስጠግቶ ቀስ ብሎ ወደ ጀርባ ማውረድና መልሶ መዘርጋት። ወገብ መቆልመም የለም። ዳምቤል የሌላት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ትሙላ፣ ሁለት ኪሎ ሆነች። ስትቀላት ወደ አምስት ሊትር ጀሪካን ትሸጋገር። በየሰፈሩ ልጆች ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው የሚሠሩትም ክብደት ያው ክብደት ነው። ሦስተኛ፣ ጂም ያለን ደግሞ ኬብሉን ወደ ታች መግፋት እንጨምር።

መጠኑስ? በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ዙር፣ በዙሩ ከ8 እስከ 15 ድግግሞሽ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስቱ ሊከብዱ ይገባል፤ ካልከበዱ ክብደቱ አንሷል ማለት ነው። በዙሮቹ መካከል ሁለት ደቂቃ ያህል እረፍት፣ በሁለቱ የሥራ ቀናት መካከል ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን እረፍት። አስራ አምስቱን በጥሩ አቋም መጨረስ ስትችይ ትንሽ ክብደት ጨምሪ። ምስጢሩ በሙሉ ይቺው ጭማሪ ናት። ጡንቻ መድከሙ ጤና ነው፤ ክርን ላይ የሚወጋ ሕመም ግን ጤና አይደለምና ክብደቱን መቀነስ፣ ካልተወ ሐኪም ማየት ነው። ምግቡም ከሩቅ አይመጣም፦ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ በፍስክ ደግሞ እንቁላልና ወተት።

«ለመሆኑ ይሄን ያህል መቆጣት ምን አመጣው? ክንድ ነው እኮ!» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ክንድ ነው። ጡንቻችን ከሠላሳዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ቀስ በቀስ መቀነስ ይጀምራል። የወር አበባ ካቆመ በኋላ ደግሞ የሴት አጥንት በፍጥነት ይሳሳል። ክብደት ማንሳት ሁለቱንም እንደሚያዘገይ ይታወቃል። አንዲት አሮጊት የወንበር መደገፊያ ተመርኩዛ ራሷን ስታነሳ የሚያነሳት ማን ይመስላችኋል? ትራይሴፕሷ ነው። ክራንች የያዘ፣ ዊልቸር የሚገፋ ሰው ያለዚህ ጡንቻ የትም አይደርስም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ማንኛውም አዋቂ በሳምንት ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ዋና ዋና ጡንቻዎቹን በሙሉ በሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያሠራ መክሯል። ያውም መካከለኛና ከዚያ በላይ በሆነ ጥንካሬ። «ሴቶች በሮዟ ይለፉ» የሚል መስመር የለውም።

ደግሞም ይሄ «ሴት ክንድ አያምርባትም» የሚባል ወግ ከየት እንደመጣ ግራ ይገባናል። አያቶቻችን ወፍጮ ላይ ተንበርክከው መጁን ወደፊት ሲገፉ፣ ገፍተው ሲመልሱ ኖረዋል። ያ መግፋት ክርን መዘርጋት ነው፣ ትራይሴፕስ ነው። ሙቀጫ ውስጥ ዘነዘና ወደ ታች መውቀጥም፣ ሊጥ ማቡካትም እንደዚያው። ያኔ «ተይ፣ ወንድ ትመስያለሽ!» ያለ አልነበረም። ዛሬም ውሃ ሲጠፋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ማለትም 20 ኪሎ፣ ይዘን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ስንወጣ «ይከብድሻል፣ ክንድሽ ይወፍራል» የሚለን ጎረቤት የለም። ክንዳችን ለሌላው ሲሠራ ጀግንነት፣ ለራሱ ሲሠራ ነውር የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው? የተቆጣነው በአንድ ኪሎዋ ብቻ አይደለም። አንድ ኪሎዋን ከሚያስመርጠው አስተሳሰብ ጋር ነው ጠባችን።

ስለዚህ አሰልጣኞች ሆይ፣ ስትመዘግቡን የምትጠይቁን ምን ማንሳት እንደምንችል ይሁን እንጂ ጾታችን አይሁን። እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚወርድ፣ መቼ እንደሚጨመር አስተምሩን፤ የከፈልነው ለዚያ ነው። የጂም ባለቤቶች ሆይ፣ የከባዱን ክብደት ጥግ የወንዶች ጠጅ ቤት አታስመስሉት። እህቶቻችን ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሮዟን ሲያቀብሏችሁ በትህትና ተቀበሉና ወደ መደርደሪያዋ መልሷት። ከጎኗ ያለውን ሞክሩ፣ ከቀለላችሁ ቀጣዩን።

ወንድ ሆናችሁ እንደሆነ ከ12 ሳምንት በኋላ ንገሩን!