«ቀኑ ደርሶ ነው» ለሚሉ ተቋራጮች

በግንባታ ቦታ ሰው ሲሞት ሁለት ነገር ይባላል። ለቅሶ ቤት «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል፤ ተቋራጩ ቢሮ «ጥንቃቄ ጎድሎት ነው» ይባላል። የመጀመሪያው ሐዘንተኛ የሚጽናናበት ስለሆነ ማንም አይከራከረውም። የሚያናድደው ተቋራጩ ሁለቱንም እንደሚመቸው ሲጠቀምባቸው ነው፤ ቀብር ላይ ቀኑን ይከሳል፣ ካሳ ሲጠየቅ ሟቹን። ሰንበት ሲል ደግሞ ሦስተኛው ይመጣል፦ «አደገኛ መሆኑን ካወቀ ለምን አልተናገረም?»

ይህን የሚጠይቅ ሰው ሳይት ላይ የተናገረ ሠራተኛ ምን እንደሚገጥመው ያላየ ነው፤ ወይም አይቶ እንዳላየ ያለፈ ነው።

ተናገር የሚባለው ማን እንደሆነ እንይ። ታች ጋይንትና ስማዳ ለዓመታት በሴፍቲኔት የሚደገፉ ወረዳዎች ናቸው። አገሩ ገደላማ ነው፣ ማሳው ጠባብ ነው። አዝመራ ሲገባ ወጣቱ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳ፣ ከእስቴ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ ለቀን ሥራ ይሄዳል። የሚቀጥረው ካቦ ነው፤ ከካቦው ጋር ያገናኘው ደግሞ ቀድሞት የሄደ ያገሩ ልጅ። የሥራ ውሉ ካቦው ደብተር ላይ በስሙ ትይዩ የምትሠመር ጭረት ናት። ጭረቷ ካልተሠመረች የዚያን ቀን ሥራ አልዋለም ማለት ነው። ሲባረር ደብዳቤ አይጻፍለትም፤ «ነገ ሰው ሞልቷል» ይባላል፣ በቃ። ያስቀጠረው ያገሩ ልጅም «ነገረኛ አመጣህብን» ተብሎ አብሮ ዓይን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዝም ሲል ለራሱ እንጀራ ብቻ አይደለም የሚፈራው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ሳይት ላይ የቅጥር መመዘኛ ሆኗል።

የመሠረት ቁፋሮን እንውሰድ። ሦስት ሜትር ጉድጓድ ይቆፈራል። የወጣው አፈር ራቅ ተደርጎ መደፋት ሲገባው እዚያው ጠርዙ ላይ ይከመራል፤ ራቅ ለማድረግ ባሬላ የሚሸከም ተጨማሪ ሰው፣ ተጨማሪ ቀን ይጠይቃልና። ሌሊት ዝናብ ይጥላል። ጠዋት፣ ከጠርዙ ክንድ ያህል ገባ ብሎ፣ ክር የምታክል ስንጥቅ መሬቱ ላይ ትታያለች። ይህችን ስንጥቅ አይቶ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። የጋይንት ገበሬ ልጅ ክረምት ሲገባ የትኛው ተረተር እንደሚንሸራተት፣ የትኛው እርከን ውኃ አዝሎ እንደቆመ እያየ ያደገ ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ እርጥብ አፈርን ከእሱ አብልጦ የሚያውቅ ብዙ ሰው የለም። ከጉድጓዱ ቀና ብሎ «ኢንጂነር፣ ይኼ አፈር ይመጣል» ሲል የሚሰጠው መልስ ግን «ኢንጂነሩ አንተ ነህ እንዴ?» ነው። ሳቅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ማንም ቀና አይልም።

አንድ ሜትር ኩብ አፈር አንድ ተኩል ቶን ያህል ይመዝናል። ደረት ላይ ካረፈ፣ ጭንቅላት ከላይ ቢቀርም ትንፋሽ ይቆማል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በየጊዜው ከሚናገራቸው የአፈር መደርመስ አደጋዎች ውስጥ «የቀን ሠራተኞች» ተብለው የሚያልፉት እነዚህ ልጆች ናቸው።

«ጥንቃቄ ጎድሎት ነው» የምትለው መከላከያ ሕግ ፊት ስትቀርብ ደካማ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት ነው፤ ሰክሮ ሥራ መግባትና በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስ ከዚህ ይቆጠራሉ። በግልጽ የተሰጠን! አንድ ቀን እንኳ ሠራተኛ ሰብስቦ መመሪያ ያልሰጠ ተቋራጭ የትኛውን መመሪያ ጣሰብኝ ሊል ነው? አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው አደጋ የሚያመጣ ነገር ባየ ጊዜ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥልበታል። አንቀጽ 26 ቅሬታ አቀረብህ ተብሎ መባረርን ይከለክላል። ሕጉ ተናገር ይላል፣ ሳይቱ የተናገረውን ያባርራል። ልክስስ ቢል መጀመሪያ ተቀጥሮ እንደነበር ማስረዳት አለበት፤ ማስረጃው ደግሞ ካቦው ደብተር ላይ ያለችው ጭረት ናት።

ነገሩ ከሠራተኛው አልፎ ሌላውንም ይነካል። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ምንጃር ሸንኮራ ወረዳ፣ በመገንባት ላይ በነበረው የአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞተዋል። የማርያም በዓል ነበር፤ አደጋው የደረሰው ለበዓሉ በመጡ ምዕመናን ላይ ነው። አጣናና ሽቦ ስንት ሰው እንደሚሸከም ከማንም በላይ የሚያውቀው ያቆመው አናጢ ነው። በየከተማችን ከሚሠሩት ሕንፃዎች ውስጥ አናጢው «ከዚህ በላይ ሰው አይውጣ» ቢል የሚከበርለት በስንቱ ነው?

በሌላም አገር እንዲሁ ነው። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የሚባለው ሕንፃ ከመፍረሱ አንድ ቀን በፊት ግድግዳው መሰንጠቁን ሁሉም አይቷል። ከታች የነበረው የባንክ ቅርንጫፍ ሠራተኞቹን አሰናበተ። ላይ ያሉት የልብስ ስፌት ሠራተኞች ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ፤ ካልገባችሁ ደመወዝ የለም ተባሉ። ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። ስንጥቁን ባንከኛውም ሰፊዋም እኩል አይተውታል። ልዩነቱ አልገባም ማለት የሚችለው ማን እንደሆነ ላይ ነው። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ሕይወቱን የሚያሠጋ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ከሥራው ገለል ያለ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ይጠይቃል። ለጋይንቱ ልጅ ይህን የነገረው የለም፤ ፎርማኑም የሚያውቀው አይመስለኝም።

«ሄልሜት ብትሰጠው አያደርግም» ይሉኛል። አንዳንዱ አያደርግም፣ እውነት ነው፤ ይሞቃል፣ ይንሸራተታል። ግን ብዙ ቦታ ሄልሜቱ የሚወጣው ባለሥልጣን ሲጎበኝ ነው፤ ደግሞም ሄልሜት የሚደረመስ አፈር አያቆምም። ሌላው መከራከሪያ «የአስተያየት ሣጥን ሰቅለናል» የሚለው ነው። ማንበብና መጻፍ ለማይችል፣ ቢጽፍም በማግስቱ በጽሕፈቱ ለሚታወቅ ሰው የተሰቀለ ሣጥን! የሚያስፈልገው ከሠራተኛው መካከል ራሳቸው የመረጡት አንድ ሰው ነው፤ «ሥራ ይቁም» ሲል ሥራ የሚቆምለት፣ የቆመበት ሰዓት ከማንም ደመወዝ የማይቆረጥበት። ሐሰት ይናገራል ብሎ የሚፈራ ካለ፣ አንድ ሰዓት የቆመ ሥራ ምን ያህል ብር እንደሆነ ያስላና ከአንድ ሰው ካሳ ጋር ያስተያየው። የወጪ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ለሚቀለው ተቋራጭ ሌላ ቋንቋ የለኝም።

በአርብ ገበያም ይሁን በነፋስ መውጫ፣ በወገዳም ይሁን በመካነ ኢየሱስ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና መንገድ የሚያሠራው በአብዛኛው መንግሥት ነው፤ ገንዘቡም የሕዝብ ነው። ስለዚህ ልመናዬ ለተቋራጩ አይደለም፣ የክፍያ ሰርተፊኬት ላይ ለሚፈርሙት ነው። ሲሚንቶው ስንት ኩንታል እንደገባ ትጠይቃላችሁ፣ የፌሮውን ውፍረት ትለካላችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት ጉድጓዱ ውስጥ ያሉትን ልጆች፣ ካቦው በሌለበት፣ «በዚህ ወር አደጋ አለ ብሎ የተናገረ ነበር? አሁን የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የተናገረው ልጅ ሥራው ላይ ከሌለ፣ ለምን እንደሌለ እስኪነገራችሁ ክፍያው ይቆይ።