ተከራይቶ መኖር ወይስ ቤት መሥራት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቅ እየቀመስን ስንጨዋወት ደጋግሞ የሚነሣው የቤት ነገር ነው። አንዷ «ቦታ ገዛሁ» ስትል ሌላዋ «እኔ እስከ መቼ የእናቴን ኪራይ ስከፍል እኖራለሁ?» ትላለች። እዚህ ቤሩት በኮንትራት ያላችሁት የምታድሩት በማዳም ቤት ነው። ከኮንትራት የወጣችሁት ደግሞ ዶራና ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ አንዲት ክፍል ለአራትና ለአምስት ተከራይታችሁ ትኖራላችሁ። እንዲህ ሆኖ የራስ ቤት መመኘት የሚያስነቅፍ ነገር አይደለም። እኔም ምክር ስጠየቅ ለብዙ ጊዜ «ሌላውን ተዪና ቤት ሥሪ» እል ነበር። ዛሬ ግን ነገሩን በሁለቱም ወገን መዝኜ ያንን ምክሬን በከፊል ማረም ፈለግሁ።

በመጀመሪያ ቤት መሥራት ይሻላል የሚሉትን እንስማ። እውነት አላቸው። አገር ቤት በኪራይ የምትኖር እናት ብዙ ትችላለች። ውኃ በፈረቃ ነው፣ እንግዳ ሲበዛ አከራይ ፊቱን ይለውጣል፣ ማኅበርተኞቿን ጠርታ ዝክር ልታወጣ ስትል ፈቃድ ትጠይቃለች። ልጅዋ ዐረብ አገር መሆኗ ከተሰማማ ኪራዩ ይጨመራል። ከዓመት ዓመት ዕቃ ጭኖ ሰፈር መለወጥ ለአሮጊት ሰው መከራ ነው።

ሁለተኛው ምክንያታቸው የገንዘብ ነገር ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ሲለቀው 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ዓመታት ሙሉ የላከችውን በብር ባንክ ያስቀመጠች እኅት ገንዘቧ ሳይሰረቅ አነሰባት። የሊባኖስንም ሊራ አይታችኋል። እ.ኤ.አ. ከ2019 በፊት አንድ ዶላር 1,500 ሊራ ገደማ ነበር፤ ዛሬ ወደ 90 ሺህ ተጠግቷል። በዚያ ወቅት ደመወዛቸው በሊራ የተከፈላቸው እኅቶች የወር ልፋታቸው የጥቂት ዶላር ዋጋ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ቤት ግን እንዲህ በአንድ ሌሊት አይቀልጥም። ሁለት ክፍል ሰርቪስ ካለውም ተከራይቶ ለእናት ቀለብ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ኪራይ ይሻላል ወደሚሉት እንምጣ። እነዚህም እውነት አላቸው። ጌታችን በወንጌለ ሉቃስ ምዕራፍ 14 ላይ ግንብ ሊሠራ ተነሥቶ ወጪውን ሳያሰላ መሠረት ስለ ጣለው ሰው አስተምሯል። በእኛ መካከል ይህ ሰው ብዙ ነው። «ግድግዳው ቆሟል፣ ለቆርቆሮው አንድ ዓመት ልጨምር» ትላለች። ቆርቆሮው ሲያልቅ ለበርና ለመስኮት፣ ከዚያ ለአጥር፣ ከዚያ ለመብራት ቆጣሪ ይባላል። ሲሚንቶና ብረት በየዓመቱ ሲወደዱ ሁለት ዓመት የተባለው ኮንትራት አሥር ዓመት ይሆናል። ለማግባትና ለመውለድ የተቆረጠው ዕድሜ በብሎኬት ያልቃል።

ደግሞም ቤት በችግር ቀን ቲኬት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2020 አሠሪዎች ብዙ እኅቶቻችንን አምጥተው ቤሩት በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ፣ ደመወዛቸው ተይዞ የመሳፈሪያ እንኳ ያልነበራቸው ስንት ነበሩ! እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ ጦርነቱ ሲበረታ አሠሪዎቻቸው ቤት ቆልፈው ሲሸሹ መንገድ ላይ ያደሩ ነበሩ። በዚያ ቀን አገር ቤት ያለ ግድግዳ አይደርስም። የሚደርሰው በእጅ ያለ ገንዘብ ነው።

ኪራይንም እንደ ውርደት የምታዩ አላችሁ። ቅዱስ ጳውሎስ በሮም ሁለት ዓመት ሙሉ በተከራየው ቤት ተቀምጦ የመጡትን ሁሉ እየተቀበለ እንዳስተማረ በሐዋርያት ሥራ መጨረሻ ተጽፏል። የሐዋርያው ወንጌል በኪራይ ቤት መሰበኩ ክብሩን አልቀነሰውም።

ምክሬን እንዳርም ያደረገኝ ግን ስሟን ሳልጠቅስ እንድጽፈው የፈቀደችልኝ የአንዲት እኅታችን ነገር ነው። ይህች እኅት በኮንትራት ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ገንዘቡን ለታላቅ ወንድሟ ትልክ ነበር። ወንድሟ ሌባ አልነበረም። የላከችውን በደብተር እየጻፈ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ሠራላት። ካርታው ሲወጣ ግን እርሷ በአካል ስላልነበረች፣ ውክልናም ስላልላከች፣ «ለጊዜው በእኔ ስም ይሁን፣ ስትመጪ እናዞረዋለን» ተባባሉ። ከዚያ ወንድሟ አገባ፣ ወለደ፣ ታመመና ዐረፈ። እርሷ ስትመለስ ቤቱ የሟች ንብረት ሆኖ ሚስቱና ልጆቹ ይኖሩበታል። ሽማግሌ ተቀመጠ። ደብተሩን አወጣች። ሰው ሁሉ አመናት፣ ወረቀቱ ግን ሌላ ይላል። «የወንድሜን ልጆች በፍርድ ቤት ላስወጣቸው?» ብላ አለቀሰች። እዚያው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ስድስት ወር ተቀመጠችና ተመልሳ መጣች። በሠራችው ቤት አጠገብ ተከራይ ሆነች ማለት ነው።

እንግዲህ እኅቶቼ፣ ክርክሩ በኪራይና በባለቤትነት መካከል ብቻ ይመስለን ነበር። ሦስተኛ ነገር ግን አለ። ይኸውም ስምሽ ያልተጻፈበት ቤት ነው። እርሱ ከሁለቱም የከፋ ነው፤ የባለቤትን ወጪ አውጥተሽ የተከራይን መብት እንኳ አታገኚም።

በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 32 አንድ ታሪክ አለ። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከባ፣ ነቢዩም በዘበኞች አደባባይ ታስሮ ሳለ በዓናቶት ያለውን መሬት ከአጎቱ ልጅ ገዛ። እንደ አንዳንዶቻችሁ ከበር መውጣት አይችልም ነበር። ነገር ግን 17 ሰቅል ብር በሚዛን መዘነ፣ ውሉን ጻፈ፣ ምስክሮች አቆመ፣ የታተመውንና የተከፈተውን ሁለቱንም ወረቀት ባሮክ በሸክላ ዕቃ እንዲያኖራቸው አዘዘ። የሸጠለት ዘመዱ ነው፣ እርሱም የእግዚአብሔር ነቢይ ነው፤ ቢሆንም «እንተማመናለን» ብሎ ወረቀቱን አልተወም። ስለዚህ ወረቀት መጠየቅ ወንድምን መጠርጠር አይደለም። ነገ ሞት ቢመጣ ወንድምንም ልጆቹንም ከጠብ ማዳን ነው።

ከዚህ ተነሥቼ የማምንበትን ቅደም ተከተል ልናገር።

አንደኛ፣ ከሁሉ በፊት ለቲኬት፣ ለሕክምናና ለጥቂት ወራት ቀለብ የሚሆን ገንዘብ በራስሽ ስምና በራስሽ እጅ ይኑር። ይህ ሳይሞላ መሠረት አይቆፈር።

ሁለተኛ፣ እስከዚያ ቤተሰብሽ በኪራይ ይቀመጥ፣ ግን በጽሑፍ ውል ይሁን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ጭማሪም ቢሆን ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚወስነው መጠን እንጂ አከራይ ደስ ባለው ቀን አይደለም። እናቶቻችን ይህን ስለማያውቁ በስልክ ንገሯቸው።

ሦስተኛ፣ ለመግዛት ስትነሺ ስምሽ ካርታው ላይ ይግባ። መቅረብ ካልቻልሽ በቆንስላ በኩል ውክልና ላኪ። ውክልናውም ልዩ ይሁን፤ ለመግዛትና በስምሽ ለማስመዝገብ ብቻ ከሆነ ያንኑ ይበል። «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በመያዣ ለማስያዝ» የሚል ቃል ሳታነቢ አትፈርሚ። ካላነበብሽው እኛ እናነብልሻለን። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ተደርጎ ውልና ማስረጃ ፊት ካልተመዘገበ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ብቻውን አያድንም። ከገበሬ ላይ መሬት መግዛትንም ተዉት። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም። የጨረቃ ቤት ሠርተው በአንድ ቀን በዶዘር የፈረሰባቸውን ታውቃላችሁ።

አራተኛ፣ ባለ ትዳር የሆናችሁ፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ በትዳር ዘመን የተፈራው ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ የጋራ መሆኑን፣ ያለ ሁለቱ ስምምነትም ቤት እንደማይሸጥ ይናገራል። መብታችሁን ዕወቁ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁንና የላካችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ ጠብቁ።

አምስተኛ፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ በምን ልትኖሪ ነው? ጥሩ ሳሎን ሠርታ የምትበላው አጥታ የተመለሰች እኅት ቤቷን አከራይታ እንደገና የሰው ቤት ልታጸዳ መጥታለች። ስለዚህ ሦስት ክፍል የምትሠሪበትን ገንዘብ ለሁለት ከፍለሽ፣ አንዱን ለቤት፣ አንዱን ለመተዳደሪያ ብታደርጊ ይሻላል እላለሁ። የትውልድ ከተማሽ ላይ ያለች ትንሽ ያለቀች ቤት፣ አዲስ አበባ ላይ ካለ ያላለቀ ፎቅ ትበልጣለች።

«ዲያቆን፣ አንተ በቀላሉ ትናገራለህ፣ እኛ ግን እናትን እንቢ ማለት አንችልም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እናት እንቢ አትባልም። ግን «እማዬ፣ ኪራዩን እከፍላለሁ፣ ለቤቱ ግን ሁለት ዓመት ስጪኝ» ማለት ይቻላል። ይህን ማለት የከበዳት ካለች ቀሲስ ራሳቸው ደውለው ለቤተሰብ ለማስረዳት ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውኛል።

የዘላለሙን ቤት ያዘጋጀልን አምላካችን በዚህ ዓለምም የልፋታችሁን ፍሬ በስማችሁ ያድርግላችሁ። የድንግል ማርያም አማላጅነት አይለያችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።

የደብሩ አገልጋይ ዲያቆን