ሁለተኛው ጆይስቲክ

ያው ክርክር እንደገና ተነስቷል። ፒኤስ 5 ላይ ሣሩ እንዴት እንደሚያምር፣ ፒኤስ 4 ላይ የተጫዋቹ ፊት ምን እንደሚመስል ሁለት ምስል ጎን ለጎን ይለጠፍና ከሥሩ ስድብ ይወርዳል። አንዱ ይመጣና «አንተ ገና ፒኤስ 3 ላይ ነህ?» ብሎ ይስቃል። ይህን ያስጻፈኝ ሳቁ ነው። ያ የሚሳቅበት ልጅ እኔም ነበርኩ።

አብነት ያደግን ልጆች ጌም የተማርነው ቤታችን አይደለም፤ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ አግዳሚ፣ ሁለት ቲቪ፣ በሩ ላይ መጋረጃ። የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። ተራ የሚጠብቀው ከሚጫወተው ይበዛል፣ ጩኸቱም የእሱ ነው። አንድ ጊዜ የቤቱ ባለቤት ፒኤስ 4 ከአዲስ ፊፋ ጋር አመጣና ሒሳቡን እጥፍ አደረገው። የመጀመሪያው ሳምንት ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ አየ። አየ ነው ያልኩት፣ ተጫወተ አላልኩም። ከዚያ ወረፋው ቀስ እያለ ወደ ፒኤስ 3ቱ ተመለሰ። ዋጋው አንዱ ምክንያት ነው። ግን እጃችን የለመደው እዚያ ነው፤ ልናሸንፈው የምንፈልገው ልጅም የተቀመጠው እዚያ ነው።

«ይሄማ የድህነት ታሪክ ነው» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ከአብነት እንውጣ። ሬዚደንት ኢቭል 4 እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ ላይ በኒንቴንዶ ጌምኪዩብ ወጣ። በዚያው ዓመት ወደ ፒኤስ 2 ሲሻገር ምስሉ ተቀንሶለት ነው የመጣው። ጎን ለጎን ካስቀመጣችኋቸው ጌምኪዩቡ ይበልጣል፣ ክርክር የለውም። ካፕኮም ራሱ ባወጣው ቁጥር ግን የጌምኪዩቡ 1.6 ሚሊዮን ሲሸጥ፣ የፒኤስ 2ቱ ከ2 ሚሊዮን አለፈ።

ማሽኖቹም እንደዚያው ናቸው። የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ከፒኤስ 2 የበለጠ ጉልበት ነበረው፤ የተሸጠው ግን 24 ሚሊዮን ገደማ ነው። ፒኤስ 2 ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ለምን? ቀድሞ ወጣ። ዲቪዲ ማጫወቻ ውድ በነበረበት ዘመን እሱ ራሱ ዲቪዲ ያጫውት ነበር። የፒኤስ 1 ሲዲዎችን አልጣለም። ከሁሉም በላይ ጓደኛህ ቤት የነበረው እሱ ነው። በእኛ አገር ደግሞ አንድ ምክንያት ይጨመራል፣ አንደብቀው፦ ቺፕ የገባለት ፒኤስ 2 ኮፒ ሲዲ ያነብ ነበር። ትክክል ነው አልልም። ግን ብር የሌለውን ልጅ ከበሩ ያልመለሰው ማሽን እሱ ነበር።

ኢኤም ይህን ያውቅ ነበር። ፊፋን ለፒኤስ 2 መሥራት ያቆመው በፊፋ 14 ነው፤ ማሽኑ ከወጣ 13 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ለማንም አዝኖ አይደለም፤ ገዢ ስለነበረ ነው።

አዲሱ አይሻልም እያልኩ አይደለም። ይሻላል፣ ፒኤስ 5ን የነካ ያውቀዋል። ግን የሚሻለው ሌላ፣ የሚሸጠው ሌላ። የእኛ ጭቅጭቅ ሁለቱን አንድ አድርጎ ዋናውን ነገር ሸፈነብን።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ገንዘቡ ያለው ሲዲው ላይ መሆኑ እየቀረ ነው። ኢኤ እ.ኤ.አ. በ2021 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት ከአልቲሜት ቲም ብቻ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል። ይህ በኢንተርኔት፣ በባንክ ካርድ፣ ፓክ እያስከፈቱ የሚሰበሰብ ብር ነው። ፕሌይስቴሽን ላይ እዚያ ለመግባት የሶኒ አካውንት ያስፈልጋል። የሶኒን የአገሮች ዝርዝር ክፈቱና ኢትዮጵያን ፈልጉ። የለችም። ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች ያለችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። ስለዚህ የአብነት ልጅ አካውንት ሲከፍት አሜሪካዊ ወይም የዱባይ ነዋሪ ነኝ ብሎ ይዋሻል። ካርዱን ደግሞ ውጭ ያለ ዘመድ ይለምናል። ቢገዛም ተቆጥሮ የሚመዘገበው በሌላ አገር ስም ነው። እኛ በሽያጩ ሰንጠረዥ ላይ የለንም፤ ለሌለ ሰው ደግሞ ማንም ጌም አይሠራም።

ይባስ ብሎ ሲዲውም እየሄደ ነው። ስንት የተዘፈነለት ፒኤስ 5 ፕሮ በ2024 ሲወጣ «ሲዲ ማንበቢያውን ለብቻው ግዙ» ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሲዲ ይዋሳል፣ ይለዋወጣል፣ ሰልችቶ ይሸጣል። ፕሌይስቴሽን ቤትን ያቆመው ይሄ ነው። ሲዲ ከሌለ የሰፈሩ ቤት የሚከራየውና የሚቀያይረው ነገር የለውም። እኛ ግን ቤቱ ሊዘጋ ሲል ስለ ሣሩ እንሰዳደባለን።

የአገራችን ጌም ሠሪዎች ይህን ቀድመው የገባቸው ይመስለኛል። ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን ሲሠራ የሄደው ወደ ስልክ ነው። ሰው እጅ ላይ ያለው ስልክ ስለሆነ ትክክል ነበር። የቀረን ሁለት ሰው አንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጦ የሚያጯጩህ ጌም ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ምስል ጎን ለጎን ስትለጥፉ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ የጎረቤታችሁ ልጅ አብሯችሁ ሊጫወት የሚችለው በየትኛው ነው? ሁለተኛውን ጆይስቲክ የሚይዝ ከሌለ፣ የሚያምረውን ሣር ለማን ነው የምታሳዩት?