የሳቅሁበት ቋንቋ

ባለፈው እሁድ ቡና ተፈልቶ ቤተሰቡ ተሰብስቧል። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የምትማረው ልጄ በአሰምብሊ ፕሮግራም ስትጽፍ አድራ ዓይኗ ቀልቷል። በፓይተን የሚሠራው ታላቅ ወንድሟ «አሰምብሊ ደግሞ ቋንቋ ሆኖ ነው? የማሽን ትእዛዝ ቅጽል ስም እኮ ነው» ብሎ ቀለደባት። ሁላችንም ሳቅን። እኔማ ነገሩ ሳይገባኝ ነው የሳቅሁት። እሷ ስኒዋን አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች።

ማታ በሯን አንኳኩቼ «እስኪ ለእኔም አስረጂኝ» አልኳት። መጀመሪያ አኮረፈችኝ፤ ቆይታ ግን በቡናው መሰለችልኝ።

«አባዬ፣ እማዬን ‹ቡና አፍዪልን› ካልካት ይበቃታል። አፍልቶ ለማያውቅ ሰው ግን እጠብ፣ ቁላ፣ ውቀጥ፣ ጀበናውን ጣድ እያልክ አንድ በአንድ መንገር አለብህ። ፓይተን እንደ መጀመሪያው ነው፤ አሰምብሊ እንደ ሁለተኛው።»

ለካ ኮምፒውተር በውስጡ የሚያውቀው አንድና ዜሮን ብቻ ነው። አሰምብሊ ለማሽኑ ትእዛዞች አጫጭር ስም ይሰጣል፤ «አድ» ሲባል ይደምራል፣ «ሙቭ» ሲባል ቁጥሩን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ይገለብጣል። አሰምብለር የተባለ ፕሮግራም ደግሞ ጽሑፉን ወደ አንድና ዜሮ ይለውጠዋል። ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር የተጻፈው ለሌላው ዓይነት አይሆንም።

እንግዲህ ወንድሟ ያለው ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን «እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ፣ ካልሆነ ያንን፤ እስኪያልቅ ድገም» ማለት በአሰምብሊም ይቻላል። አንዱ የጻፈውን ሌላው አንብቦ ያርመዋል። ይህ ቋንቋ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? እ.ኤ.አ. በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ የመራው ኮምፒውተር ፕሮግራም በአብዛኛው በአሰምብሊ የተጻፈ ነበር። የበረራውን ሶፍትዌር የሠራውን ቡድን የመራችውም ማርጋሬት ሃሚልተን የተባለች፣ ልጅ የምታሳድግ እናት ነበረች።

ይህን ነግራኝ ስታበቃ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዲፓርትመንት ልቀይር አስቤ ነበር» አለችኝ። ደነገጥሁ። «በወንድምሽ ቀልድ?» ብላት «እሱማ ሁሌም ይቀልዳል። አንተ ስትስቅ ነው የከፋኝ» አለች።

በማግስቱ ሁሉም ባሉበት ይቅርታ ጠየቅኋት። ወንድሟም ወንበሩን አስጠግቶ «በይ አሳዪኝ» አላት።

ወላጆችና አያቶች፣ ልጆቻችን የሚማሩትን ሁሉ ማወቅ አይጠበቅብንም። ባልገባን ነገር ከመሳቃችን በፊት ግን «እስኪ አስረጂኝ» ማለት አያቅተንም።